ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ

ጆሮው ሥር ይሻላል፣ አናቱ ጠንካራ ነው፣ የነሱ ዘር አናት ግንብ ነው፣ ጆሮው ሥር ግን ለስላሳ ነው፣ አንዴ ብቻ፣ ጎንበስ ሲል፣ ይኸው አሁንም ጎንብሷል፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ወፍራሙን ገመድ ወገቡ ላይ እያሰረ ነው፣ የአንገቱ አጥንት በቆዳው ሥር ይቆጠራል፣ በእጇ የያዘችው የብሎን መፍቻ ደግሞ ከባድ ነው፣ መዶሻ ሲጠፋ የሚመታበት እሱ ነው፣ ስንት ነገር ተመቶበታል፣ አንድ ራስ ቢጨመርበት ምን ይለዋል። ታነሳዋለች። ታስቀምጠዋለች። ገና ነው፣ ሌላ ያሰበችው አለ፣ ደም የማይፈስበት።

እትዬ፣ ይላታል ቀና ሳይል፣ ታንኩ ውስጥ ያለውን ነዳጅ ቅጂው፣ እኔ ስወጣ የቀረችዋን አስነስተን እናስጨርሳታለን። እሺ ትላለች። እሺ የሚለው ቃል ከአፏ ደህና ሆኖ መውጣቱ ይገርማታል፣ በዚያ ሁሉ እሳት መሃል አልፎ ሳይቃጠል መውጣቱ፣ እሺ ወንድሜ፣ ደሞ ወንድሜ፣ ወንድምነቱን አፈር ይብላውና።

ዋርሳዋ ነው፣ የሟች ባሏ ታናሽ፣ ሰፈሩ ወሬኛው ይለዋል፣ በቀን አሥር ቃል ስለማይወጣው፣ የሰፈር ቀልድ እንዲህ ነው፣ ረጅሙን ድንክዬ፣ ዝምተኛውን ወሬኛው። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፣ ውሸት፣ ዝምታ ዋሻ ነው፣ ሰው የገደለ ሰው የሚደበቅበት ዋሻ፣ ሦስት ወር ሙሉ ዋሻው ውስጥ ተቀምጧል፣ ዛሬ በጢስ ታወጣዋለች፣ ወይም በጢስ ታስቀረዋለች። 

ፓምፑን ለረጅም ጊዜ ከማስቀመጥዎ በፊት የሚከተሉትን በጥንቃቄ ያከናውኑ። ከፓምፑ ጋር የመጣው ወረቀት የሚጀምረው እንዲህ ነው፣ ባሏ ክረምት በመጣ ቁጥር በዜና አንባቢ ድምፅ ያነብላት ነበር፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ አንደኛ፣ የመምጠጫውን ቱቦ ከውሃው ውስጥ ያውጡ፣ ሁለተኛ፣ የነዳጁን ታንክ ባዶ ያድርጉ፣ ሦስተኛ፣ ሞተሩን በክፍት ቦታ አስነስተው በራሱ እስኪጠፋ ድረስ ይተዉት፣ እዚህች ጋ ሲደርስ እኔም እንደሱ ነኝ ይል ነበር፣ በራሴ እስክጠፋ ድረስ ተዪኝ። ትስቅ ነበር። ምኑ እንደሚያስቅ እንጃ፣ ያኔ ሁሉም ነገር ያስቃት ነበር። ወረቀቱ በዘይት ወይቦ ኪሷ ውስጥ ነው፣ ማውጣት አያስፈልጋትም፣ በቃሏ ታውቀዋለች፣ በሱ ድምፅ።

ወሬኛው ይወርዳል። ግድግዳው ላይ የተተከሉትን የብረት መርገጫዎች በእግሩ እየፈለገ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ትከሻው ገባ፣ ራሱ ገባ፣ ከሁሉ መጨረሻ ጣቶቹ፣ ጠርዙን የያዙት አሥሩ ጣቶች፣ በነዚህ ላይ ድንጋይ ቢወድቅ፣ ያች ድንጋይ ብቻ፣ የበርሜሉ መክደኛ ላይ የምትቀመጠው፣ አንስታ ብትለቃት፣ ጣቶቹ ይሄዳሉ። ሄዱ። ወፍራሙ ገመድ ለሰው ነው፣ በመዘውሩ ላይ ተጠምጥሞ እሱ በወረደ ቁጥር ይተረተራል፣ ቀጭኑ ለዕቃ ነው፣ ሁለቴ ከተነቀነቀ ዕቃውን ሳቢ ማለት ነው፣ ወፍራሙ ሦስቴ ከተነቀነቀ እኔን አውጪ። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፣ ከባሏ ሞት በኋላ። በፊት ገመድ የሚባል አልነበረም፣ ማን ያስራል፣ ለአምስት ደቂቃ ሥራ ማን ገመድ ያስራል፣ ወርዶ ሞተር አስነስቶ ለሚወጣ ሰው።

ሰማዩ ጠቁሯል። ጠዋት አማቷ ናቸው የቀሰቀሷት፣ ደመናውን አላያችሁትም፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ፓምፑን ለክረምት አስቀምጡት፣ ቱቦውንም ጭቃ ሳይቀብረው አውጡት አሉ፣ ልጄን የገደለ ብረት ነው፣ ቢሆንም የቀራችሁ እሱ ነው። እውነታቸውን ነው፣ ክረምቱ ከገባ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ውስጡ ያለው የእንጨት መደብ ይሰጥማል፣ ቱቦው ያልቅለታል። እሳቸው ይህን ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ፣ ሦስት ወር ሙሉ ወደ ግድግዳ ነው የሚተኙት። ሞተሩን ከመጋዘን ያወጡት ለሁለት ነው፣ ሞተሩ የተቀመጠበት የብረት ማቀፊያ ሁለት እጀታ አለው፣ በአንዱ እሱ፣ በሌላው እሷ፣ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ጉድጓዱ ዳር ካለው ስሚንቶ ላይ አሳረፉት።

ታንኩን ክፈቺ ትላለች ለራሷ። ትከፍተዋለች። ቤንዚኑ ግማሽ ነው፣ ሽታው ሦስት ወር ተዘግቶበት ከፍቷል፣ ያኔ ባሏ በእጁ የሞላው ነው፣ እንግዲህ ይህ ከሱ የቀረ ነው፣ ሸሚዙ ተሰጠ፣ ጫማው ተሰጠ፣ ቤንዚኑ አልተሰጠም። ጄሪካኑ አጠገቧ ነው፣ ጎማው ቱቦ አጠገቧ ነው፣ መቅዳት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ክዳኑን መልሳ ትዘጋዋለች። አልቀዳችውም። ካርቡራተር ውስጥ የቀረች ጠብታ ማንን ትገድላለች፣ ግማሽ ታንክ ግን ይበቃዋል፣ ይተርፈዋል።

ሐሳቡ የመጣላት ከሦስት ቀን በፊት ነው፣ ወረቀቱን ይዛ አልጋ ላይ ተቀምጣ፣ ከታች በደማቅ የተጻፈው ላይ ዓይኗ ሲያርፍ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ከሞተሩ የሚወጣው ጢስ ገዳይ ነው፣ በታፈነ ቦታ አያስነሱ። ባሏ ማስጠንቀቂያው ላይ ሲደርስ ድምፁን ያጎረንን ነበር፣ ገዳይ ነውውው። ሰው የሚሞትበትን አረፍተ ነገር እየቀለደ ያነባል።

ጨርቅ መቁረጥ አለባት፣ በኋላ ቀዳዳዎቹ ይወተፋሉ፣ አይጥ እንዳይገባ፣ ተርብ ቤት እንዳይሠራ፣ አምስተኛው መመሪያ ነው፣ አሁን ምን አስፈለገ፣ እጅ ግን ሥራ ይወዳል። ጫፉ በተሰበረው ቢላ የባሏን አሮጌ ካናቴራ ትተለትላለች፣ ቤት ውስጥ ምን ሙሉ ዕቃ አለ፣ ቢላው ጎዶሎ፣ አልጋው ጎዶሎ፣ ካናቴራውም ብብቱ ላይ የተቀደደ ነው፣ ትቀደዋለች፣ ከዳር እስከ ዳር ስትቀደው የሚያሰማው ድምፅ ደስ ይላታል፣ አሁንም ትቀደዋለች። ከታች የብረት ድምፅ ይመጣል፣ ጫር ጫር፣ ምን እየሠራ ነው፣ ቱቦውን ከመደቡ ፈትቶ ገመዱ ላይ ማሰር ነው ያለበት፣ ምን ይቧጥጣል እዚያ ታች።

ውሃው ሸሸ እንጂ ሁሉም ደህና ነበር። ፓምፕ ከሰባት ሜትር በታች አይስብም፣ እግዜር ራሱ ቢያስነሳው አይስብም፣ በጋው ሲበረታ ውሃው ዘጠኝ ገባ፣ ሽንኩርቱ ጆሮውን ጣለ፣ ወንድማማቾቹ ጉድጓዱ ውስጥ የእንጨት መደብ ሠሩ፣ ሞተሩን መደቡ ላይ አወረዱት። ሞኞች አልነበሩም፣ ጢስ እንደሚገድል ያውቃሉ፣ ረጅም ቱቦ በሞተሩ ጢስ መውጫ፣ በማርሚታው አፍ ላይ ሰክተው፣ ፋሼታ በሚሉት የብረት ቀበቶ አጥብቀው፣ ሌላውን ጫፍ ከጉድጓዱ ውጪ ጣሉት፣ ጢሱ ወደ ላይ፣ ውሃው ወደ ላይ፣ እኛ ወደ ታች አለ ባሏ። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሠራ። ከዚያ ሞተሩ አስቸገረና አውጥተው አጸዱት፣ በማግስቱ መለሱት፣ ሲመልሱት ፋሼታዋ የለችም፣ ጠፋች፣ ወሬኛው ቆርቆሮውን ገለበጠ፣ መጋዘኑን ፈተሸ፣ የለችም፣ ሽቦ አመጣ፣ ሦስት ዙር አሰረ፣ ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፣ ሽቦው ሾለከ፣ ቱቦው ወደቀ፣ ጢሱ እዚያው ታች ሞላ። ባሏ ድምፁ ተለወጠ ብሎ ለማየት ወረደ። ድምፁ ተለወጠ። የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነው፣ ሰው ለሚስቱ የሚተወው ቃል ይህ ነው?

ጉንጩ ቀይ ነበር። ታንኩ ላይ ጉንጩን አስደግፎ ነው የተገኘው፣ የተኛ ነው የሚመስለው፣ ከሰርጉ ቀን ይልቅ ደም ነበረው፣ ደህና ነው ብላ ነበር እኮ፣ ሲያወጡት አይታው ቀይ ነው ደህና ነው ብላ ሳቀች፣ ሰዎቹ ሲያዩዋት። ሐኪሙ በኋላ ቀለሙ ከጢሱ ነው አላት። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ አልተሰቃየም። ተሰቃይቶ ቢሆን ይሻላት ነበር፣ ተሰቃይቶ ቢጮህ ትሰማው ነበር።

መርማሪው ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የጭስ ማውጫውን ቱቦ በሽቦ ያሰረው ግለሰብ ማን ነው፣ ብሎ ጠየቀ፣ ግለሰብ፣ ወሬኛው ግለሰብ ሆነ። እኔ ነኝ ያሰርኩት አለ። ፋሼታውስ የት ሄደ። ጠፋ። እንዴት ጠፋ። ጠፋ አለ፣ ዓይኑ መሬት ላይ። እሷ እዚያው ቆማ ነበር፣ በሰው ፊት ተንደርድራ ጥፍሯን ፊቱ ላይ ሰካች፣ ከዓይኑ ሥር እስከ አገጩ ወረደች፣ ሌላ ሰው ቢሆን እጅ ያነሳል፣ እጇን ይይዛል፣ እሱ ዝም ብሎ ቆመላት፣ እንደውም ጎንበስ አለላት፣ እንዲመቻት። ጠባሳው አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ በየቀኑ መስተዋት ሲያይ አይርሳ ብላ ነው።

ከዚያ ደግሞ አገልጋይ ሆነ። በነጋ ቁጥር ውሃ በባልዲ ይቀዳል፣ ሽንኩርቷን ያጠጣል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ የአማቷን መድኃኒት ያመጣል፣ እትዬ ምን ልሥራ፣ እትዬ ይህ ይበቃል ወይ፣ ጥፋት የሌለበት ሰው እንዲህ ያገለግላል? የቀዳውን ውሃ ትጠጣዋለች፣ ሌላ ከየት ታምጣ፣ በጠጣች ቁጥር ታንቀዋለች፣ በሐሳቧ፣ በገመድ፣ በእጇ፣ በትራስ፣ አንድ ቀን እንደውም ሽንኩርት እየከተፈች አንገቱን በደንብ ከተፈችው፣ ሊጥ አድርጋ። ሰው በልቡ ስንቴ እንደሚገድል ቢታይ እስር ቤቱ አይበቃም።

በቃ።

የጢሱን ቱቦ ከመሬት ታነሳለች፣ ያው ራሱ ነው፣ ያው አራት ሜትር ቱቦ፣ አንዱን ጫፍ ማርሚታው አፍ ላይ ትሰካለች፣ በሽቦ ታስራለች፣ ሦስት ዙር፣ እሱ እንዳሰረው ሦስት ዙር፣ በፒንሳ ጠምዝዛ ታከርረዋለች፣ ያኔ ሾለክሽ፣ እስቲ ዛሬ ሹለኪ። ሌላውን ጫፍ በእግሯ ወደ ጉድጓዱ ትገፋለች። ቱቦው ጠርዙ ላይ ያመነታል። ይወድቃል።

የማስነሻውን ገመድ ትስባለች፣ ዝም፣ ትስባለች፣ ዝም፣ ተነስ አንተ ውሻ፣ ባሌን ስትገድል እንዲህ አልተግደረደርክም፣ ትስባለች፣ ትከሻዋ ተነቅሎ የሚወጣ ይመስላታል፣ አራተኛው ላይ ያስላል፣ አምስተኛው ላይ ይነሳል። ይጮሃል። ሦስት ወር የታፈነውን ሁሉ ይጮሃል፣ ስሚንቶው በእግሯ ሥር ይንዘፈዘፋል፣ ጥርሷ ይንዘፈዘፋል፣ ስትጮህ የሚሰማት የለምና ትጮሃለች፣ እሷም፣ አፏን ከፍታ፣ ምን እንደምትል ራሷም አትሰማውም።

ሽቦው አልሾለከም። ቱቦው ጢሱን እየዋጠ ወደ ታች ይልካል፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አንዲት ሰማያዊ ክር ብቻ ትወጣለች። መጀመሪያ ራስ ምታት። አሁን ጀምሮታል፣ ግንባሩን ይይዛል፣ ይግባው፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ የለም፣ እሱ እንቅልፍ አይገባውም፣ ይወቀው፣ ማን እንደሆነች ይወቅ፣ ቀና ብሎ የሰማዩን ክብ ይይና የሷን ራስ ይይበት፣ ሞተሩን ላስጨርስ ብዬ ነው ትላለች ለመርማሪው፣ ወረቀቱ ይኸው፣ ሦስተኛ፣ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ ይላል፣ ነፋሱ ነው ቱቦውን የጣለው ትላለች፣ ግለሰቧ ትሆናለች፣ ጠፋ ትላለች፣ እንዴት ጠፋ፣ ጠፋ። እሱ ከተናገረው አንድ ቃል አትጨምርም። አማቷ ሁለተኛ ልጃቸውን፣ እሱን አታስቢ። ግድግዳው ይበቃቸዋል። እሱን አታስቢ አልኩሽ።

ቀጭኑ ገመድ ይነቀነቃል። ሁለቴ።

ሁለቴ ማለት ሳቢ ማለት ነው፣ እጇ ይስባል፣ እሷ አላዘዘችውም፣ አሥር ዓመት ከነዚህ ሰዎች ጋር የሠራ እጅ ነው፣ ሳቢ ሲሉት ይስባል፣ የሚገድሉትን ሰው ዕቃ እየተቀበሉ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ክንድ በክንድ ትስባለች፣ ቱቦው ከባድ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለው ወንፊት ውሃውን ይዞ ወደ ታች አይመልስም፣ ጠርዙ ጋ ሲደርስ አቅፋ ታወጣዋለች፣ የውሃ እባብ ይመስል ጭኗ ላይ ይዘረገፋል፣ ቀሚሷን ያረጥባል። ጥሩ። ወጣ። አንደኛው መመሪያ ተፈጸመ። ገመዱን ልትፈታ መጋጠሚያው ላይ እጇን ታሳርፋለች፣ ሁለቱ ቱቦ የሚገናኙበት፣ አየር እንዳይስብ በፋሼታ የተጠበቀበት፣ አንዷ ፋሼታ ዝጋለች፣ ሌላዋ።

ሌላዋ ጥቁር ናት።

ውሃ ውስጥ የከረመ ብረት ይዝጋል እንጂ አይጠቁርም። በአውራ ጣቷ ታሸዋለች፣ ጣቷ ይጠቁራል። ጥቀርሻ ነው። ማርሚታ አፍ ላይ የነበረች ፋሼታ ናት፣ የጠፋችው፣ መጋዘን የተፈተሸላት፣ መርማሪው የጠየቃት፣ ይኸው እዚህ፣ ውሃ ውስጥ፣ ማን ወሰዳት እዚህ፣ እሱ ነው፣ እሱ ነው የደበቃት፣ እጁን ልቆርጠው ነው፣ ዓይኗ የብሎኗ ራስ ላይ ይተከላል፣ ስንጥቋ ውስጥ አንዲት ቅንጣት ታብለጨልጫለች፣ ሦስት ማዕዘን፣ ቀጭን፣ ተሰክታ የቀረች።

የቢላ ጫፍ።

ቢላው ካናቴራው ላይ ተጋድሟል። አታየውም። ታየዋለች።

ያን ቀንና ከዚያ በፊት የነበረውን ቀን ሞቱ አንድ ላይ ጠቅልሎ ነበር የወሰደባት፣ አሁን አንዱ ተመለሰ፣ ከነፀሐዩ፣ ሞተሩ እዚሁ ስሚንቶ ላይ ነው፣ ሊጸዳ የወጣ ዕለት፣ የጢሱ ቱቦ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ፋሼታዋ አንገቱ ላይ ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች፣ ወንዶቹ ዘይት ሊገዙ ሄደዋል፣ እሷ የመምጠጫውን ቱቦ መጋጠሚያ ታያለች፣ አየር ይስባል፣ ስንቴ ነገረቻቸው፣ ውሃው የሚቆራረጠው በዚህ ነው ብላ ስንቴ፣ ማን ይሰማታል፣ ሴት ስለ ፓምፕ ምን ታውቃለች፣ ይኸው ላሳያችሁ፣ ካቻቢቴውን፣ ብሎን ማዞሪያውን፣ ይዘውት ሄደዋል፣ ከኩሽና ቢላ አመጣች፣ ከጢሱ ቱቦ ፈታች፣ መጋጠሚያው ላይ አሰረች፣ ጠበቅ፣ ጠበቅ፣ ቀጭ፣ የቢላው ጫፍ ተሰበረ፣ እናትህ ትሰበር ብላ ሰደበችው፣ ቱቦውን መልሳ ወደ ጉድጓዱ ለቀቀችው። ሽንኩርቱ ይጠብቃት ነበር። ልትነግራቸው ነበር፣ በማግስቱ ውሃው ሳይቆራረጥ ሲመጣ ማን ሠራው ሲሉ እኔ ልትል ነበር፣ ፋሼታዋን ሲፈልጉ ማሳ ላይ ነበረች፣ ማንም ማን ሠራው አላለም። እኔ። እኔ። እኔ ነኝ የፈታሁት።

የወጋ ቢረሳ።

በብሎኗ ዙሪያ ደግሞ ጭረት አለ፣ ነጭ፣ አዲስ፣ የዛሬ፣ ካቻቢቴ እየተንሸራተተ የጫረው፣ ብዙ፣ ጫር ጫር ሲል የነበረው ይህ ነው፣ ጨለማ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሊፈታት ሲታገል፣ ፈትቶ ውሃ ውስጥ ሊጥላት፣ እሷ እንዳታያት፣ የሷ ቢላ ጫፍ ነው አላስፈታም ያለው።

ሞተሩ እየጮኸ ነው።

ማጥፊያው የት ነው፣ አሥር ዓመት የምታውቀው ማጥፊያ፣ እጇ አጣው፣ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን የካንዴላ ሽቦ በባዶ እጇ ጨብጣ ትነቅለዋለች፣ ኤሌክትሪኩ እስከ ብብቷ ይመታታል፣ ወደኋላ ይጥላታል፣ ዝም። የጢሱን ቱቦ ስባ ትወረውረዋለች፣ ጠርዙ ላይ በሆዷ ትተኛለች፣ ጢሱ ዓይኗን ይበላዋል፣ ወንድሜ፣ ትላለች፣ ድምፅ የላትም፣ ወንድሜ፣ ወንድሜ፣ አንተ፣ ስማኝ፣ ከታች ምንም። ወፍራሙ ገመድ አልተነቀነቀም፣ ሦስቴ አልተነቀነቀም፣ አትጠብቂው፣ መዘውሩን ትይዛለች፣ ታዞረዋለች፣ አይዞርላትም፣ በደረቷ ትገፋዋለች፣ በጉልበቷ፣ አንድ ጥርስ፣ ሁለት ጥርስ፣ ገመዱ ከረረ፣ ሰው የሚያህል ነገር አለበት፣ ሬሳ የሚያህል፣ የሬሳ ክብደት ምን ያህል ነው፣ ያኔ አራት ወንድ ነበር የሳበው፣ ጡንቻዋ ይጮሃል፣ ቀዩ ጉንጭ ይመጣባታል፣ ከሰርጉ ቀን ይልቅ ደም የነበረው፣ አማቷ፣ ግድግዳው፣ ሁለት ልጅ በአንድ ቢላ፣ አዙሪ፣ አዙሪ፣ አዙሪ፣ እጇ ተላጠ፣ ይላጥ፣ ይቆረጥ፣ አዙሪ።

ገመዱ ቀለለ።

ተበጠሰ አለች በልቧ። አልተበጠሰም። የእግር ድምፅ ነው፣ ብረት ሲረገጥ፣ አንድ፣ ዝም፣ አንድ፣ እግሩ መርገጫውን እየፈለገ ነው፣ ሳያቋርጥ ያስላል፣ አሥሩ ጣቶች ጠርዙ ላይ ብቅ ይላሉ፣ ከዚያ ራሱ፣ ጉንጩ ቀይ ነው፣ ጠባሳው ብቻ ነጭ። በብብቱ ይዛ ትጎትተዋለች፣ ስሚንቶው ላይ ይወድቃል፣ በእጅና በጉልበቱ ቆሞ ያስታውካል፣ ጀርባውን በተላጠ እጇ ትይዝለታለች፣ ሸሚዙ ላይ ደሟ ይቀራል። ከተራራው ማዶ ይነጎዳል።

አፉን በክንዱ ይጠርጋል። ዓይኑ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ከሞተሩ ወደ ጢሱ ቱቦ፣ ከቱቦው ወደ ሦስቱ የሽቦ ዙር፣ ሽቦው ላይ ይቆያል፣ ከዚያ እርጥቡ ቱቦ ላይ፣ ከዚያ ጥቁሩ አውራ ጣቷ ላይ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ይወድቃል። ሲደክምበት የኖረ ነገር ከእጁ ያመለጠው ሰው ይመስላል።

ካቻቢቴው አልይዝ አለኝ፣ ይላል።

ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው።

እሱን ያወጣሁ ዕለት፣ መደቡ ላይ ሆኜ አየኋት።

ፊትህን ስቧጭርህ ታውቅ ነበር።

ጠባሳውን በጣቱ ይዳስሳል።

ለምን አልነገርከኝም።

ሁለታችሁንም ልቅበር እንዴ እትዬ፣ ይላል።

መሬቱ ላይ ትቀመጣለች፣ ማልቀስ ትፈልጋለች፣ አይመጣም፣ ሌላ ነገር ነው የሚመጣው፣ ራሷን በብሎን መፍቻው ጆሮዋ ሥር፣ አንዴ ብቻ፣ ለስላሳው ላይ፣ መፍቻው እዚያው ነው፣ ዓይኗ ሲሄድ ዓይኑ ይከተለዋል፣ እጁን ዘርግቶ መፍቻውን ያነሳና ኪሱ ይከተዋል፣ አካባቢውን የሚያስተካክል ሰው መስሎ፣ ቢላውንም ያነሳል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ስሚንቶው ላይ ይወድቃሉ፣ ትላልቅ፣ የተራራቁ።

ነዳጁን አልቀዳሽውም፣ ይላል።

አልቀዳሁትም።

ታንኩን ይንጠዋል፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፣ ግማሽ፣ ግማሹ ለምን እንደቀረ የሚያውቅ ጆሮ ነው፣ ሁሉን ያውቃል፣ ሳታውቅ የገደለችውንም፣ እያወቀች ልትገድል የነበረውንም፣ ሁለቱም እዚያ ዋሻው ውስጥ ይገባሉ፣ መርማሪ አያወጣቸውም፣ አማቷ አይሰሟቸውም፣ እሷ ጩኽ ብትለው፣ ምታኝ ብትለው፣ አንዴ ብቻ፣ አይመታትም፣ ይህን ሁሉ ዘመን አብራው ልትኖር ነው፣ በነጋ ቁጥር ውሃ ሲቀዳላት፣ እትዬ ይህ ይበቃል ወይ ሲላት። ይህንን እንዴት ነው የሚችሉት። ሦስተኛ፣ ሞተሩን በክፍት ቦታ፣ ይላል የባሏ ድምፅ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስቅ አይደለም።

ሽቦውን በፒንሳ ይፈታል፣ ሦስቱን ዙር፣ አንድ በአንድ፣ አይቸኩልም። የጢሱን ቱቦ ጠቅልሎ ወደ ጎን ያደርገዋል። ከዚያ ብረት ማቀፊያው ጋ ሄዶ በሱ በኩል ያለውን እጀታ ይይዛል፣ ጎንበስ ይላል፣ አንገቱ ይታያል፣ እንደ ጠዋቱ።

ዝናቡ ሳይበረታ ከጉድጓዱ አርቀን እናስጨርሰው፣ ይላል። በይ ያዢ።

የሷ እጀታ የባሏ እጀታ ነው፣ ቀለሙ መዳፉ በሚያርፍበት ቦታ ለቋል። የተላጠ እጇን ታሳርፍበታለች፣ ያቃጥላል፣ ትይዘዋለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ይላል ወሬኛው፣ ያነሳሉ።